አንድ ጥርስ ልጨምር? ለአስፋልቱ ብላችሁ ዳገቱን እንዳትረሱ

እዚህ የለመድነው ስለ ስንዴ ዋግ፣ ስለ ድንች ዘር አያያዝ፣ ስለ አሲዳማ አፈርና ስለ ኖራ ማውራት ነው። ዛሬ ግን ስለ ሞተር ሳይክል ነው። «የግብርና ባለሙያ ስለ ሞተር ምን አገባው?» የምትሉ ካላችሁ፣ የሥራዬ ግማሹ ኮርቻዋ ላይ ነው። የእናንተም ቢሆን ድሮ በአህያና በትከሻ ይሄድ የነበረው ወተት፣ ድንች፣ የመርጫ መሣሪያና ማዳበሪያ ዛሬ በሞተር እየሄደ ነው። ስለዚህ ሞተር የእርሻ መሣሪያ ሆናለች፤ እንደ ማረሻው እንወያይባታለን።

የጀመርኩት አንድ ጥያቄ ስለበዛብኝ ነው። በተለይ ወጣቶቹ፣ የሥራ ባልደረቦቼም ጭምር፣ ይጠይቁኛል፦ «ከደብረ ማርቆስ ወደ አማኑኤል ስሄድ አምስተኛ ማርሽ ላይ ሆኜ ሞተሯ ትጮሃለች። ስድስተኛ ያለ እየመሰለኝ እግሬ ባዶውን ይረግጣል። የፊቱን ስፕሮኬት በአንድ ጥርስ ባሳድገውስ?» ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። እኔም ጠይቄዋለሁ፤ ጠይቄ ብቻ አልቀረሁም፣ አድርጌዋለሁ። ያደረግኩትን ደግሞ በኋላ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ነገርየውን እንረዳው። ካቴናው ሁለት ጥርሳም ጎማዎችን ያያይዛል። ከካምቢዮው የሚወጣው የፊቱ ትንሽ ነው፤ ከኋላ ጎማ ጋር የታሰረው ትልቅ ነው። እዚህ አካባቢ አንዳንዱ መካኒክ «ስፕሮኬት» ይለዋል፣ አንዳንዱ በደፈናው «ጥርስ» ይለዋል። እንዳንምታታ እኔ ጎማውን ስፕሮኬት፣ የተቆጠረውን ጥርስ እላለሁ። ለምሳሌ የፊቱ 14 ጥርስ፣ የኋላው 42 ጥርስ ቢሆን፣ የኋላ ጎማ አንዴ እንዲዞር የፊቱ ሦስት ጊዜ መዞር አለበት። የፊቱን 15 ብታደርጉት ሦስት ጊዜ የነበረው 2.8 ጊዜ ይሆናል። በሌላ አነጋገር ሞተሯ ድሮ በ70 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ትጮኸው የነበረውን ጩኸት አሁን በ75 ትጮኸዋለች ማለት ነው። በ70 ከሄዳችሁ ደግሞ ረገብ ትላለች። ከኋላው ሦስት ጥርስ ቀንሳችሁ 39 ብታደርጉትም ውጤቱ ያው ነው። ስለዚህ ነው ሰው ሁሉ ወደ ፊቱ የሚሮጠው፤ ትንሽ ነው፣ ርካሽ ነው፣ በግማሽ ሰዓት ይለወጣል።

ጥቅሙን አልክድም። መጀመሪያ ያስቀየርኩ ቀን ከደብረ ማርቆስ እስከ ደምበጫ ደርሼ ተመለስኩ፤ ጉዳይ ኖሮኝ እንኳ አልነበረም፣ ደስ ስላለኝ ብቻ ነው። ድሮ ከአንድ ሰዓት መንገድ በኋላ የሚደነዝዘው መዳፌ አልደነዘዘም። ከኋላዬ የጫንኩት ጓደኛዬ ሲያወራኝ ይሰማኛል። ድካም የሚቀንስ ነገር አደጋም ይቀንሳል፤ ይህን አቃልሎ የሚናገር ሰው ረጅም መንገድ በትንሽ ሞተር ያልሄደ ነው። ነዳጅም ቢሆን በሜዳ ላይ፣ አንድ ሰው ብቻ ተቀምጦ፣ ነፋስ ሳይቃወም፣ ጥቂት ይቆጥባል። ቤንዚን ፍለጋ ተሰልፎ የዋለ፣ አልፎም ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የገዛ ሰው «ጥቂት» ስትሉት አይንቅም።

ታዲያ ችግሩ የት ነው? ችግሩ የምንኖርበት ቦታ ነው።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠ ከተማ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ አየር ሲሳሳ ሞተር የምትስበው ኦክስጅን ያንሳል፤ ጉልበቷም ያንሳል። እንደ ሻካራ ስሌት በየ1,000 ሜትሩ አንድ አሥረኛ ያህል ይቀንሳል ብላችሁ ያዙት። እንግዲህ ወረቀቷ ላይ «12 የፈረስ ጉልበት» ተብሎ የተጻፈላት ሞተር እኛ ደጅ ላይ ስትቆም ወደ 9 ተጠግታለች ማለት ነው። ሦስቱ ፈረስ ቆላ ቀርቷል! ወደ ጮቄ ደግሞ አቅኑ፤ የተራራው ጫፍ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ድረስ ባትወጡም እግሩ ሥር ያሉት ቀበሌዎች ራሳቸው ከደብረ ማርቆስ ብዙ ከፍ ይላሉ።

ወጣቶቻችን በስልክ የሚያዩት ቪዲዮ ከየት የመጣ ነው? ሕንድ ሜዳ ላይ፣ ወይም ከባሕር ዳርቻ ብዙ ሳይርቅ የሚነዳ ሰው «አንድ ጥርስ ጨምሬ ተመቸኝ» ይላል። እውነቱን ነው፣ እሱን ተመችቶታል። እሱ ግን ፈረሱን በሙሉ ይዞ ነው። በርግጥ ላለመዋሸት አንድ ነገር ልጨምር፦ የሳሳ አየር ነፋሱንም ስለሚያቀለው በቀጥታ አስፋልት ላይ የጠፋው ጉልበት በከፊል ይካካሳል። ለዚህ ነው የአማኑኤሉ መንገድ ላይ ለውጡ ጥሩ የሚመስለው። ዳገት ላይ ግን ማካካሻ የለም። አንድ ኩንታል ድንች ደብረ ማርቆስም አንድ ኩንታል ነው፣ ጮቄ ሥርም አንድ ኩንታል ነው።

አሁን የራሴን ልናገር። ስፕሮኬቱን ባስቀየርኩ በሦስተኛው ሳምንት የድንች ዘር ይዤ ወደ ስናን አቅጣጫ፣ ከሮብ ገበያ ወደ ላይ ወጣሁ። ሃምሳ ኪሎ ከኋላዬ ታስሯል። ሌሊት ዘንቦ ነበር፣ መንገዱ ጠጠር ተብሎ የተሠራ ቢሆንም ጠጠሩ ታጥቦ ሄዷል። ድሮ በሁለተኛ ማርሽ የምወጣውን ቦታ በአንደኛ ገባሁበት፤ አንደኛዋም አልበቃ አለች። ምን አደረግኩ? ማንኛችሁም የምታደርጉትን። ፍሪሲዮኑን ግማሽ ይዤ፣ እጀታውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዤ፣ እያስጮህኩ ገፋሁ። አንዱን ጠምዛዛ አለፍኩ፣ ሁለተኛውን አለፍኩ፣ ሦስተኛው ላይ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ከዚያ በኋላ ሞተሯ ትጮሃለች፣ ጎማው ግን አይሄድም። የፍሪሲዮኑ ሸራ አልቋል።

ከጎኔ በቅሎ እየሳቡ የሚወጡ አንድ አያ ነበሩ። ቆመው አዩኝ። «ምን ሆነች ልጄ?» አሉ። ነገርኳቸው፤ ስፕሮኬት መቀየሬንም፣ ረጅም እንድትራመድ ፈልጌ እንደሆነም ጭምር። ሳቅ አሉና «ይቺ በቅሎ እንኳ እዚህ ስትደርስ እርምጃዋን ታሳጥራለች፤ አንተ ታስረዝማለህ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ማንም መካኒክ እንደ እሳቸው አድርጎ አላስረዳኝም። ዘሩን ግማሹን በበቅሏቸው ጭነው አደረሱልኝ፤ ሞተሯን በአይሱዙ አስጭኜ ወረድኩ። ሸራው መጥቶ እስኪገጠም አምስት ቀን ፈጀ። ገንዘቡ ከስፕሮኬቱ ዋጋ ብዙ እጥፍ ነው፤ እሱ ይቅር። በእነዚያ አምስት ቀናት ግን ሌላ ቀበሌ ላይ መሬታቸውን አለስልሰው ዘር የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ። ዝናቡ ደግሞ ፍሪሲዮን ተሠርቶ እስኪያልቅ አይጠብቅም።

ሂሳቡን ከመውጣቴ በፊት ብሠራው ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ሞተሯ 120 ኪሎ፣ እኔ 65፣ ጭነቱ 50፤ በድምሩ 235 ኪሎ። አንድ ጥርስ ከፊት ስትጨምሩ አንደኛ ማርሽ ላይ ጎማው የሚገፋበት ኃይል ከአሥራ አምስት እጅ አንድ እጅ ይቀንሳል። ያ ማለት ዳገቱ ላይ ለሞተሯ 17 ኪሎ ያህል እንደ ተጨመረባት ነው። የማዳበሪያ ጆንያ ሲሶ ማለት ነው። ሁለት ጥርስ ብትጨምሩ ደግሞ 34 ኪሎ ገደማ፣ የጆንያው ሁለት ሲሶ። «አንድ ጥርስ ምን አላት» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ይህን ንገሩት፤ ዳገት ሲጀምር የጆንያ ሲሶ አስረህ ትሄዳለህ በሉት።

ስለዚህ የኔ አቋም ይህ ነው፦ ስፕሮኬት የሚመረጠው በደስ ባለን ቀን ሳይሆን በከበደን ቀን ነው። በሳምንት ስድስት ቀን አስፋልት ላይ ብትውሉና በሰባተኛው ቀን ማዳበሪያ ጭናችሁ ዳገት የምትወጡ ከሆነ፣ ሞተሯን ማስተካከል ያለባችሁ ለሰባተኛው ቀን ነው። ምክንያቱም በስድስቱ ቀን የምታጡት ምቾት ነው፤ ትንሽ ጩኸት፣ ትንሽ የመዳፍ መደንዘዝ። በሰባተኛው የምታጡት ፍሪሲዮን፣ ጊዜና ጭነት ነው። ባልደረቦቼ ከዚህ ላይ አይስማሙኝም። «ዳገቱን በቀስታ ብወጣው ምን ችግር አለ?» ይላሉ። በቀስታ መውጣት የሚቻለው አንደኛ ማርሽ ሳትቸገር ስትስብ ብቻ ነው። ካልሳበች ቀስታው የሚመጣው በፍሪሲዮን መንሸራተት ነው፤ የሚያቃጥለውም እሱ ነው።

ሌላው የማይወራ ነገር ቁልቁለቱ ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ ስትወርዱ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ከዚያ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በተመረቀው፣ በጃፓን መንግሥት ድጋፍ በተሠራው የህዳሴ ድልድይ ተሻግራችሁ ወደ ጎሃ ጽዮን ያንኑ ያህል ትወጣላችሁ። እዚያ ቁልቁለት ላይ ሞተርን የሚይዛት ፍሬን ብቻ ሊሆን አይገባም። ማርሽ አስገብታችሁ እጀታውን ስትለቁት ሞተሯ ራሷ ትይዛለች። ስፕሮኬቱን ባረዘማችሁ ቁጥር ይህ መያዝ ይላላል፤ ያንኑ ፍጥነት ለመጠበቅ ፍሬን ትደጋግማላችሁ። የብዙዎቻችን የኋላ ፍሬን ደግሞ በከበሮ ውስጥ ያለ ሸራ ነው፤ ሲግል ይላላል። ፔዳሉን ትረግጡታላችሁ፣ ሞተሯ ግን አትቆምም። ስፕሮኬት ያስረዘመ ሰው ዓባይን ሲወርድ ከለመደው አንድ ማርሽ ዝቅ ብሎ ይውረድ። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ፣ ወይም ሞተር አጥፍቶ የሚወርደውን ግን ምን ልበለው? የሚቆጥበው ቤንዚን ለአንድ የፍሬን ሸራ አይበቃም፤ ለራሱ ሕይወት የሚሆን ዋጋ ግን የለውም።

ይህን ስል «የፋብሪካውን አትንኩ» ከሚሉት ወገን እንዳትቆጥሩኝ። ፋብሪካው እናንተን አያውቃችሁም። ያቺን ሞተር ሲሠራ አንዱ በእሷ ሁለት ሰው እንደሚጭን፣ ሌላው ብቻውን አስፋልት ላይ እንደሚበር፣ ሌላው በጭቃ እንደሚለፋባት አስቦ መሐል ላይ ያስቀመጠው ቁጥር ነው። ከሉማሜ ደብረ ማርቆስ ተመላልሶ የሚሠራ፣ ብቻውን የሚሄድ፣ ክብደቱ ቀላል የሆነ፣ ሞተሯም 150 እና ከዚያ በላይ የሆነች ሰው አንድ ጥርስ ቢጨምር እኔ አልከለክለውም፤ ይጨምር፣ ይመቸዋል። 100 ወይም 110 የምትነዱ ግን ተዉት። የእናንተ ሞተር አምስተኛ ወይም አራተኛ ማርሿን አሁንም በነፋስ ቀን በግድ ነው የምትስበው። ብታስረዝሟት መጨረሻውን ማርሽ ትታችሁ በፊተኛው ትነዳላችሁ፤ ያኔ ጩኸቱም ተመለሰ፣ ነዳጁም አልተቆጠበ፣ ገንዘቡም ወጣ።

እንዲያውም የሚገርመኝ ሌላ ነው። ቢቡኝ፣ ስናን፣ ደባይ ጥላት ግን በኩል ደጋው ላይ የምትሠሩ፣ ዓመቱን ሙሉ አስፋልት የማትረግጡ ወንድሞቼና እህቶቼ አላችሁ። እናንተ የሚያስፈልጋችሁ ተቃራኒው ነው፦ ከፊት አንድ ጥርስ መቀነስ፣ ከ14 ወደ 13። ጎማው የሚገፋበት ኃይል ይጨምራል፣ ፍሪሲዮኑ ያርፋል፣ በክረምት ዋልካ አፈር ላይ በእርጋታ እየሳበች ትወጣለች። ጉዳቱ ካቴናው ትንሽ ጎማ ላይ ይበልጥ ስለሚታጠፍ ቶሎ ማለቁና አስፋልት ስትወጡ መጮኋ ነው። ግን ማን አደረገው? በጣም ጥቂት ሰው። ማስረዘም ፍጥነት ይመስላል፣ ማሳጠር ደግሞ ድካም ይመስላል፤ ሰው «ሞተሩ ስንት ትሄዳለች?» ተብሎ እንጂ «ስንት ትሸከማለች?» ተብሎ ሲጠየቅ አልሰማሁም። በሬ ስንገዛ ግን ሩጫውን አንጠይቅም አይደል?

ስፕሮኬት ከማስነካታችሁ በፊት ደግሞ ሞተሯ ጤነኛ መሆኗን እዩ። ብዙ ጊዜ «ማርሹ አጥሮብኛል፣ ትጮሃለች፣ ነዳጅ ትበላለች» የሚባለው ሕመም ከስፕሮኬት ጋር ምንም አይገናኝም። ካንዴላውን አውጡና ተመልከቱት። ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን እየበዛባት ነው፤ ለቆላ አየር የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ደጋ ላይ ለአየሩ የሚበዛ ቤንዚን ነው የሚያፈሰው። ፊልትሮውም በአቧራ ሲደፈን ያንኑ ያደርጋል፤ በበጋ የጠጠር መንገድ ላይ የምትውሉ ቶሎ ቶሎ አራግፉት። የኋላ ጎማውን በማቆሚያው ላይ አንስታችሁ በእጅ አዙሩት፤ እየተጎተተ የሚዞር ከሆነ ፍሬኑ ይዟል ወይም ኩሽኔታው አልቋል። የጎማ አየር ካነሰም ጉልበት ይበላል። እነዚህን አስተካክላችሁ አሁንም ከጮኸች ያኔ እንነጋገር።

ሌላም አለ፤ ይህን ስናገር ወጣቶቹ ፊታቸውን ያዞሩብኛል። ፍጥነት ቀንሱ! ነፋስ የሚቃወማችሁ ኃይል ፍጥነት ሲጨምር እንደ ፍጥነቱ ብቻ አይጨምርም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን እሱ አራት እጥፍ ይሆናል። ከ80 ወደ 65 ብትወርዱ የነፋሱ ግፊት በሲሶ ያህል ይቀንሳል፤ የሞተሯም ዙር ይወርዳል፣ ጩኸቱም ይበርዳል። ማንኛውም ስፕሮኬት የማይሰጣችሁን ምቾት በነጻ ትሰጣላችሁ። ከደብረ ማርቆስ አማኑኤል ወደ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ80 ብትሄዱት 23 ደቂቃ፣ በ65 ብትሄዱት 28 ደቂቃ። አምስት ደቂቃ! ለዚያውም መንገዱ ባዶ ቢሆን ነው። በገበያ ቀን አህያው፣ በጉ፣ ባጃጁና ጭነት የተሸከመው ሰው አስፋልቱን ሞልቶት ማን በ80 ይሄዳል? መሄድ የለበትም።

ይህን ሁሉ ሰምታችሁም ልትቀይሩ የወሰናችሁ ካላችሁ፣ በአግባቡ አድርጉት። ከፊት ከአንድ ጥርስ በላይ አትጨምሩ። ካቴናው ቁጥሩ የተጻፈበት ነው፤ የ125 እና የ150 ሞተሮች አብዛኞቹ 428 የሚባለውን ይጠቀማሉ። የምትገዙት ስፕሮኬት ለዚያው ቁጥር የተሠራ መሆን አለበት፤ ቀዳዳውም ከዘንጉ ጥርስ ጋር ሳይወላወል መግጠም አለበት። ሻጩ «ይሆናል» ካላችሁ የድሮውን ይዛችሁ ሂዱና አንዱን በአንዱ ላይ ደርባችሁ እዩት። ትልቁ ስፕሮኬት የጎን ክዳኑን እንዳይነካ፣ ካቴናው ከተገጠመ በኋላ ጎማውን በእጅ አዙራችሁ አዳምጡ።

የካቴናውን ዕድሜ ደግሞ በሜትር እንጂ በዓይን አትገምቱ። 428 ካቴና አዲስ ሲሆን 20 ዓይኑ 254 ሚሊ ሜትር ይለካል። ወጥራችሁ ለክታችሁት 259 ከደረሰ አልቋል። ያለቀ ካቴና አዲስ ስፕሮኬት ላይ ብታስገቡ ስፕሮኬቱን በጥቂት ወራት ይበላዋል፤ ጥርሶቹ እንደ ማጭድ ጫፍ ይቀጥናሉ፣ ይጎብጣሉ። ካለቀ ሦስቱን አብራችሁ ግዙ፣ ያን ጊዜ ዋጋው «ርካሽ» ከሚባለው ይወጣል፤ ቀድማችሁ አስቡበት። አንድ ጥርስ ከፊት ሲጨመር የኋላ ጎማ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ፊት ይመጣል እንጂ ብዙ ጊዜ ካቴና መቀጠል አያስፈልግም። መላላቱን የሞተሯ መጽሐፍ እንደሚለው አድርጉት፤ በትናንሾቹ ዘንድ መሐሉን በጣት ከፍ ዝቅ ስታደርጉት ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር መጫወቱ የተለመደ ነው። ታዲያ ጭነት ሲጫን የኋላው ሲወርድ ካቴናው ይወጠራል። ባዶዋን አጥብቃችሁ ሃምሳ ኪሎ ብትጭኑባት ኩሽኔታውን ትጎዳላችሁ። እኔ ጭነቱን አስሬ አንድ ጊዜ እንደገና እነካዋለሁ። የካቴናው መቆለፊያ ክሊፕ ካለው የተዘጋው ጫፍ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይሁን፤ በተቃራኒው የገባ ክሊፕ ሲወልቅ አይቻለሁ፣ በመልካም ዕድል ሞተሯ ቆማ ነበር።

የፍጥነት መለኪያው ገመድ ከፊት ጎማ የሚነሳ ከሆነ አይለወጥም። ከካምቢዮው የሚያነብ ከሆነ ግን ይዋሻችኋል፤ 70 ሲላችሁ 75 እየሄዳችሁ ነው።

ከገጠማችሁ በኋላ ወደ ደምበጫ ሄዳችሁ አትደሰቱ፤ እኔ የሠራሁት ስህተት እሱ ነው። የምታውቁትን ክፉ ዳገት፣ የምትጭኑትን ትልቁን ጭነት ይዛችሁ ፈትኑ። መሐል ዳገት ላይ ቆማችሁ በአንደኛ ማርሽ ተነስታችሁ ፍሪሲዮኑን ቶሎ ሙሉ ለቃችሁ መውጣት ከቻላችሁ ጥሩ ነው። ግማሽ ይዛችሁ እየገፋችሁ ካልሆነ የማትወጣ ከሆነ የዚያኑ ቀን መልሱት።

ሌላ የምለው ለገዢዎች ነው። ማኅበራትም ይሁኑ ጽሕፈት ቤቶች ሞተር ሲገዙ ለሁሉም ቀበሌ አንድ ዓይነት ይገዛሉ። በአንድ ወቅት ከማውቀው ቦታ ለደጋውም ለሜዳውም አንድ ዓይነት መጥታ፣ ሜዳው ላይ ያለው «ጮኸችብኝ» ሲል፣ ደጋው ላይ ያለው «አልወጣ አለችኝ» ሲል፣ ሁለቱም በየራሳቸው ኪስ ሲያስቀይሩ አይቻለሁ። ሲገዛ ከእያንዳንዷ ጋር አንድ ጥርስ የሚያንስና አንድ ጥርስ የሚበልጥ የፊት ስፕሮኬት አብሮ ቢጠየቅ በጠቅላላው ግዢ ላይ የሚጨምረው ከጎማ ዋጋ አይበልጥም። ባለሙያው የሚመደብበትን ዳገት አውቆ ይመርጣል። ይህን በስብሰባ ላይ ሁለት ጊዜ አንስቻለሁ፤ ሁለት ጊዜም «በቃለ ጉባኤ ይያዝ» ተብሎልኛል።

እኔ ሞተሬን ወደ 14 መልሻለሁ። 15ቷ ስፕሮኬት በዘይት ተነክራ፣ በጨርቅ ተጠቅልላ መሣሪያ ሣጥኔ ውስጥ አለች። ጥር ላይ አዝመራው ተወቅቶ፣ ጭነቱ ቀሎ፣ ባሕር ዳር ለሥልጠና የምሄድ ከሆነ አወጣትና እገጥማታለሁ፤ ስመለስ ደግሞ ደጋ ከመውጣቴ በፊት እፈታታለሁ። ግማሽ ሰዓት ነው የሚፈጀው። ቁልፉ ያለው፣ ደብረ ማርቆስም የሚገኝ ሰው ካለ አብረን መሥራት እንችላለን፤ ቡና ከእኔ።